የአናጢው መላጊያና የቃላት ጉዞ

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ የሰሃላ ጀማዓ! የመስጊድ በር ሳንቃ ለስልሶ የሚታየው አናጢው በመላጊያ ስለላገው ነው። ይህ መሣሪያ በየአገሩ ልዩ ልዩ ስም አለው። ከስሞቹ መካከል ብዙ አገር የዞረው የፋርሶች ቃል «ረንዴ» ነው።

ቃሉ የተገኘው መፋቅ ወይም መላግ ማለት ከሆነው «ረንዲደን» ከሚለው የፋርስ ግሥ ነው። ወደ ምሥራቅ ዘልቆ በኡርዱና በሂንዲ «ረንዳ» ተባለ። በምዕራብ በኩል ቱርኮች «ሬንዴ» ብለው ወሰዱት። ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የዑስማኒያ መንግሥት በባልካን ሲስፋፋም ለቦስኒያ፣ ለሰርብያ፣ ለቡልጋሪያና ለአልባኒያ ሕዝቦች ደረሰ። መሣሪያ ከጌታው ወደ ለማጁ እጅ ሲተላለፍ ስሙም አብሮ ይተላለፋልና። ፋርሶችና ቱርኮች የወጥ ቤቱን መፈቅፈቂያ ሳይቀር በዚሁ ስም ይጠሩታል።

ሁሉም ግን አልተዋሰውም። ግብፆች መላጊያን «ፋራ» ይሉታል፤ ትርጉሙም አይጥ ማለት ነው። እኛ ደግሞ «ላገ» ከሚለው ግሣችን «መላጊያ» አልነው።

ይህ ማለት የፋርስ ቃል ወደ እኛ አልመጣም ማለት አይደለም። ለውዱእ የምንይዘው «ኢብሪቅ» በዐረብኛ በኩል የደረሰን የፋርስ ቃል ነው፤ መነሻውም «ውኃ» እና «ማፍሰስ» የሚሉት ሁለት ቃላት ናቸው። ከእኛም የሄደ አለ። በሱረቱ ኑር የሚገኘውን «ሚሽካት» በ911 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ኢማም ሱዩጢ ከሐበሻ ቃላት ጋር ቆጥረውታል። «መስኮት» ከሚለው ቃላችን ጋር ያለው ዝምድናም ግልጽ ነው።

ወንድሞችና እህቶች! በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ በብዙ ቦታ ሙስሊሙ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ርስት ተከልክሎ በሽመና፣ በንግድና በእጅ ሙያ ይኖር ነበር። ሙያውም ያስንቀው ነበር። ነገር ግን ነቢዩላህ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አናጢ እንደነበሩ በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ነቢይ የያዘውን ሙያ ማን ሊንቅ ይችላል? ቃልን ከአገር አገር ያደረሰው ይኸው የተናቀው እጅ ነው። ስለዚህ ልጆቻችን ኪታብ ሲቀሩ ሙያም ይማሩ፤ የሚያውቁ አባቶችም የመሣሪያዎቻቸውን ስም ጭምር ያስተምሯቸው።

አላህ የባለሙያዎቻችንን እጅ ይባርክ። አሚን።