ልጥፈተ ገጽ፦ ራጅ በድንጋይ ከሰል ውስጥ የሚያሳየን ጋዝ

የጠላ ጋን በግራዋ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በወይራ ይታጠናል። ጋኑ ጢሱ ላይ ተደፍቶ ጥቂት ይቆይና ይነሣል። ውስጡ ባዶ ነው፤ ጢሱ ወጥቶ ሄዷል። ሽታው ግን አልሄደም፤ ሸክላው ግድግዳ ላይ ይዞ ቀርቷል። ጠላው ያንን መዓዛ የሚያገኘው ከዚያው ግድግዳ ነው።

ጋዝ ወይም በፈሳሽ ውስጥ የሟሟ ነገር ወደ ጠጣሩ አካል ሳይሰርግ ገጹ ላይ ተይዞ ሲቀር ሳይንስ «አድሶርፕሽን» ይለዋል። ቃሉ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1881 ነው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃይንሪሽ ካይዘር በጠጣር ገጾች ላይ የሚያዙትን ጋዞች ሲያጠና የፊዚዮሎጂ ሊቁ ኤሚል ዱ ቧ ሬይሞን ስሙን ጠቆመው። «አብሶርፕሽን» የሚለው ቃል ቀድሞ ነበር። በሁለቱ መካከል የተለወጠችው አንዲት ፊደል ብቻ ናት፤ የምትለየው ነገር ግን የውስጥና የላይ ያህል ነው።

አማርኛ ላይ ሲደርሱ ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ «መምጠጥ» ይባላሉ። ለአንደኛው ልክ ነው፤ እንጀራ ወጥ ሲመጥጥ ወጡ እንጀራው ውስጥ ይገባል። ለሁለተኛው ግን አይሆንም፤ ጋኑ የወይራውን ሽታ አልጠጣውም፣ ለበሰው እንጂ። ስለዚህ እዚህ «ልጥፈተ ገጽ» የሚለው ቃል ቀርቧል። አወቃቀሩ እንደ «ሥርዓተ ነጥብ» ነው፤ «ለጠፈ» የሚለውን ግስ ደግሞ ግድግዳ ላይ ከሚለጠፈው ማስታወቂያ ጀምሮ በማኅበራዊ ሚዲያ እስካለው «ልጥፍ» ድረስ ሁሉም ያውቀዋል። አንድ እንከን አለበት፦ «መለጠፍ» ሲባል ሙጫ ይታሰባል። እዚህ ሙጫ የለም። ጋዙን ገጹ ላይ የሚያቆየው በሞለኪውሎች መካከል ያለ ደካማ ስበት ስለሆነ ግፊቱ ሲቀንስ ወይም ሙቀቱ ሲጨምር ይላቀቃል። የተገላቢጦሹን ሂደት «መላቀቅ» ማለት በቂ ነው።

ገጽ ላይ መለጠፍ ትንሽ ነገር የሚመስለው ገጹ ትንሽ መስሎ ስለሚታይ ነው። ጣሊያናዊው ፌሊቼ ፎንታና እ.ኤ.አ. በ1777 የጋለ ከሰል ሜርኩሪ ውስጥ አጥፍቶ ከጋዝ ጋር ሲያገናኘው፣ ከሰሉ ከራሱ መጠን ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጋዝ ያዘ። ያ ሁሉ ጋዝ የተያዘው ከሰሉ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ በመሆኑ ነው። ለማጣሪያ የሚዘጋጀው ምርጥ ከሰል አንዱ ግራም 1,000 ካሬ ሜትር ያህል ገጽ ሊኖረው ይችላል፤ ሰባት ግራሙ አንድ የእግር ኳስ ሜዳ ያለብሳል። የድንጋይ ከሰል ያን ያህል ባይደርስም በቀዳዳ ሀብታም ነው። ብዙዎቹ ቀዳዳዎቹ ከ2 ናኖሜትር በታች ናቸው፤ በማዕድን ጉድጓድ የሚፈራው፣ ሚቴን የተባለው ጋዝም በአብዛኛው ተለጥፎ የሚኖረው እዚያ ነው። ቆፋሪው ከሰሉን ሲከፍተው ግፊቱ ይወርዳል፣ ጋዙም ይላቀቃል።

ይህን ሂደት ከሰሉን ሳይሰብሩ ማየት ይቻላል? መልሱ የመጣው ከሐኪም ቤት ነው። ቪልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ያገኘው፣ በእኛ ዘንድ «ራጅ» የሚባለው ጨረር ከተለያየ አቅጣጫ እየተነሣ በኮምፒውተር ሲቀናበር ሲቲ ስካን ይሆናል። እንግሊዛዊው ጎድፍሪ ሃውንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ1971 የመጀመሪያውን ታካሚ ያነሣበት መሣሪያ ለእያንዳንዱ የምስል ነጥብ ቁጥር ይሰጣል፤ ዛሬም በስሙ በሚጠራው መለኪያ ውሃ 0፣ አየር ደግሞ ከዜሮ በታች 1,000 ነው። ነጥቡ ጨረሩን አብዝቶ በያዘ ቁጥር ቁጥሩ ይጨምራል።

የከሰል ተመራማሪዎች ሥራቸውን የመሠረቱት በዚህ ቁጥር ላይ ነው። በክብ ቅርጽ የተቆረጠ የከሰል ናሙና ራጅ በቀላሉ በሚያልፈው፣ ለምሳሌ በአሉሚኒየም፣ ቱቦ ውስጥ ይገባል። አየሩ ተመጥጦ ይወጣና ባዶው ከሰል ይነሣል። ቀጥሎ ጋዝ በታወቀ ግፊት ይሞላል፤ ጋዙ እስኪረጋጋ ተጠብቆ እንደገና ይነሣል፤ የመጀመሪያው ምስል ከሁለተኛው ላይ ይቀነሳል። የቀረው ጋዙ የጨመረው ነው። ከዚያ ውስጥ ተለጥፎ የቀረውን በቀዳዳው ውስጥ በነፃነት ከሚንሳፈፈው ለመለየት ሂሊየም ይረዳል። ሂሊየም እምብዛም ስለማይለጠፍ የባዶውን ቦታ ስፋት ብቻ ይነግራል፤ ያ ባዶ ቦታ ሊይዝ ከሚገባው በላይ የተገኘው ጋዝ ሁሉ ግድግዳው ላይ ነው።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ የሚጠይቀው አለ። እስከ አንድ ማይክሮሜትር ድረስ የሚያይ መሣሪያ እንኳ 2 ናኖሜትሯ ቀዳዳ 500 እጥፍ ታንስበታለች። እውነት ነው፤ ራጁ ቀዳዳዋን አያያትም። የሚያየው በአንድ ነጥብ ውስጥ ያሉ እጅግ ብዙ ቀዳዳዎች በጋራ ያመጡትን የእፍግታ ለውጥ ነው። ጃን ሜዳን በጥምቀት ዕለት ከሩቅ የሚያይ ሰው ፊት መለየት ባይችልም ነጭ ልብሱ የት እንደበዛ፣ የት እንደሳሳ አያጣውም።

ጋዙን መምረጥም ጥበብ ይጠይቃል። ሚቴን ቀላል ስለሆነ ምስሉ ላይ ደካማ ምልክት ይተዋል። ዜኖን የተባለው ጋዝ ግን በአቶሙ 54 ኤሌክትሮኖች አሉት፤ በሚቴን ውስጥ ያለው ካርቦን 6 ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ዜኖን ራጁን አጥብቆ ይጋርዳል፤ የአቶሙም ስፋት ወደ 0.4 ናኖሜትር ስለሆነ ከሚቴን ብዙ አይርቅም። ሚቴን በሚገባበት መንገድ ገብቶ ሚቴን የማይተወውን ዱካ ይተዋል።

ምስሎቹ ካሳዩት ሁሉ ትልቁ የከሰል ዝንጉርጉርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ከፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የወጡ ጥናቶች ካርቦን ዳይኦክሳይድ በግፊት ታምቆ በተያዘ ከሰል ውስጥ ሲገባ በስካን ተከታትለውታል። በአንዲት ናሙና ውስጥ አንዱ ንብርብር ጋዙን ይዞ ሲያብጥ፣ ሸክላ የበዛበት ጎረቤቱ ተጨመቀ። ናሙናውን በጅምላ የሚመዝን ሚዛን አንድ አማካይ ቁጥር ሰጥቶ ያልፍ ነበር፤ ይህንን አያሳይም።

እብጠቱ በመስክም ዋጋ አስከፍሏል። በኒው ሜክሲኮ ሳን ህዋን ተፋሰስ፣ አሊሰን በተባለው የሙከራ ቦታ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ጥልቅ የከሰል ንብርብር ሲገፋ ነበር። ሐሳቡ ያማረ ነው፦ ከሰል በአብዛኛው ከሚቴን ሁለት እጥፍ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚይዝ አዲሱ ጋዝ ቦታውን ይዞ ሚቴኑን ያስለቅቃል። ከሰሉ ግን ሲያብጥ ጋዙ የሚያልፍባቸው ስንጥቆች ጠበቡ፣ ጉድጓዶቹ የሚቀበሉት መጠንም ቀነሰ።

ማበጡ ስለ ቃሉም አንድ ነገር ይናገራል። ከሰሉ ያን ያህል ማበጡ ከጋዙ ከፊሉ ገጹ ላይ ብቻ ሳይቀር ወደ አካሉም እንደሚሰርግ ይጠቁማል። ሁለቱ ሲደባለቁ ተመራማሪዎች ጄምስ ማክቤን እ.ኤ.አ. በ1909 ያወጣውን «ሶርፕሽን» የተባለ የጋራ ስም ይጠቀማሉ። በአማርኛ ለዚህኛው «ጋዝ መያዝ» ማለት ያስኬዳል፤ «ልጥፈተ ገጽ» ግን ጋዙ በእርግጥ ገጹ ላይ መቅረቱ ለታወቀበት ይቆይ።