ከሐራራ እስከ ማገገም

ከእንጦጦ ጀርባ ወርዶ ሱሉልታን አቋርጦ ወደ ጎጃም የሚዘልቀው አስፋልት ለሁለት ተቃራኒ ነገሮች ያገለግላል። ማለዳ በዳርቻው የሀገራችን ሯጮች ሳንባቸውን በደጋው አየር ያሠለጥናሉ፤ በዚያው መንገድ ከባሕር ዳር አካባቢ የተቀጠፈ ጫት ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይገሠግሳል። ይህን ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል፦ ስለ ሱስ ያለን ግንዛቤ ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ?

ጫት በታሪካችን መዝገብ ብቅ የሚለው በዛቻ መልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1332 ስለተደረገው ጦርነት የሚተርከው የአፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል፣ የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን የንጉሡን መናገሻ ይዞ ጫት ሊተክልባት መዛቱን ይነግረናል። ቅጠሉ ለአንዱ ወገን የዱዓና የትጋት አጋዥ፣ ለሌላው የባላንጣ ምልክት ነበር። ክርክሩ «የማን ነው?» በሚለው ዙሪያ ሲሽከረከር «ቃሚውን ምን ያደርገዋል?» የሚለው ጥያቄ ጠያቂ አጣ።

ትምባሆም የሚታወሰው ከቅጣት ጋር ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ (1864–1881 ዓ.ም.) ትምባሆ የሚያጨስ ከንፈሩ፣ ሱረት የሚስብ አፍንጫው እንዲቆረጥ ማዘዛቸው ይተረካል። የንጉሡ ቁጣ ከሃይማኖት የመነጨ ነው፤ ነገር ግን ከንፈር ቢቆረጥ አምሮቱ የሚኖረው ሌላ ቦታ ነው።

የት እንደሚኖር ለማወቅ ከሕግ መጻሕፍት ይልቅ የሱሰኛውን ቋንቋ ማድመጥ ይበጃል። ሐራራ፣ ምርቃና፣ ጨብሲ፣ ዱካክ፤ እነዚህን አራት ቃላት በተራ ብናስቀምጣቸው የሱስ ታሪክ በሙሉ ይወጣቸዋል። ሐራራ ሰዓቱ ሲደርስ የሚያዛጋና የሚያቁነጠንጥ ጥሪ ነው። ምርቃና ከምርቃት ጋር የሚዛመድ ይመስላል፤ ተናጋሪው ሁሉ ባለራእይ የሚሆንበት፣ ያልተጀመረው ቤት በወሬ ተሠርቶ የሚያልቅበት የከሰዓት ቡራኬ ነው። ምርቃናው እንቅልፍ ሲነሣ እሱን ለመስበር መጠጥ ይፈለጋል፤ ጨብሲ ይሉታል። እንዲህ ሆኖ አንዱ ሱስ ሁለተኛውን ይወልዳል። ሳይቃም የታደረ ሌሊት ደግሞ ዱካክ በሕልም መጥቶ ያስፈራራል፤ ድርሻውን ይጠይቃል።

ሳይንስ ይህን ቅደም ተከተል አላፈረሰውም። እ.ኤ.አ. በ1975 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ላቦራቶሪ ከትኩስ ጫት ካቲኖን የተባለውን ንጥረ ነገር ለየ። ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ በአእምሮ ውስጥ ከደስታና ከተነሣሽነት ጋር የተያያዘውን ዶፓሚን ያበዛል። ሲደጋገም አእምሮ ልኩን በዚያ ጎርፍ ላይ ያስተካክላል፤ ያለ እርሱ ተራው ቀን ይደበዝዛል። ስለዚህ ሱሰኛው «እተዋለሁ» ብሎ ሲምል ከልቡ ነው፤ መሐላውን ሲያፈርስም ሕመሙ አሸንፎት ነው።

ሕመም ነው ካልን ሐኪም ያስፈልጋል። በጣልያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የሀገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። በቡራዩ በኩል ወደ አምቦ ሲወጡ፣ ለአዲስ አበባ ውኃ በሚሰጠው ግድብ አካባቢ፣ የገፈርሳ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዶክተር አታላይ ዓለም ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት የቡታጅራ ጥናት ከ10 ሺህ በላይ ጎልማሶችን ጠይቆ ግማሾቹ ጫት ቃሚ መሆናቸውን አገኘ። በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን በሀገር ውስጥ ማሠልጠን ተጀመረ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወገደ፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መሸጥንም ከለከለ። የሕጉ መቀስ ከአጫሹ ከንፈር ተነሥቶ የሻጩ ማስታወቂያ ላይ አረፈ።

የማገገም መንገድ ግን በአዋጅ አያልቅም። ለዓመታት በአረቄ የኖረ ሰው በአንድ ቀን ቢያቋርጥ መንቀጥቀጥ፣ ቅዠትና መንፈራገጥ ሊመጣበት፣ ሕይወቱንም ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ቤት ቆልፎበት «ወንድ ከሆንክ ተው» ማለት አደጋ አለው፤ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ጸበል የሚጠመቅም ቢሆን ሐኪም ማየቱ እምነቱን አይቀንስበትም። መጠጡ ከሰውነት በቀናት ይወጣል፤ ባዶውን ከሰዓት መሙላት፣ ከለመዱት ጓደኛ መለየት፣ የቤተሰብን አመኔታ መልሶ ማግኘት ግን ወራትና ዓመታት ይፈልጋል። ማገርሸትም በመንገዱ ላይ አለ። የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ ቢያሻቅብ ከሐኪም ቤት አይባረርም፤ ሱሱ ያገረሸበትም ከቤቱ ሊባረር አይገባም።

ለሱስ አራት ቃላት ያበጀ ቋንቋችን ለመውጫው «ማገገም» የሚለውን ቃል ሰጥቶታል። ቃሉ የሕመምተኛ አልጋ ቃል ነው። አገገመ የምንለው ታሞ የተነሣን ሰው ነው፤ ታሞ የተነሣ ሰው አጥሚት ይሠራለታል፤ ጠያቂ ይመጣለታል፤ ክንዱን ደግፎ ፀሐይ ላይ የሚያስቀምጠው አያጣም። ከሱስ ለተነሣው ወንድማችንና እኅታችን ግን ጠያቂው እስከ ዛሬ ጥቂት ነው። ቃሉን ከሰጠናቸው አጥሚቱን ልንነፍጋቸው አይገባም።