ማጣሪያው ከበሩ ላይ ወይስ ከትምህርቱ በኋላ? ከሐይቅ እስጢፋኖስ እስከ 12ኛ ክፍል

በደቡብ ወሎ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ማስተማር ከጀመሩበት ጊዜ አንሥቶ በኢትዮጵያ የትምህርት ታሪክ ከፍ ያለ ስፍራ ይዟል፤ ከደቀ መዛሙርታቸውም መካከል አቡነ ተክለ ሃይማኖት እንደሚገኙበት ገድላት ይተርካሉ። በገዳማትና በአድባራት በዳበረው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ማን ይግባ፣ ማን ይመለስ የሚል የጽሑፍ ፈተና አልነበረም። ቆሎ ተማሪው ቁራሽ እየለመነ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዚያም ወደ ቅኔ ቤትና ወደ መጻሕፍት ቤት ሲሸጋገር የኔታ በየዕለቱ በቃል እያስቀጸሉ ያርሙታል፤ ዋናው ምዘና፣ ማለትም የተማሪው ሙያ በመምህራን ፊት የሚረጋገጥበት ማስመስከር፣ የሚመጣው ከብዙ ዓመት ጥናት በኋላ ነበር። ይህም ሆኖ ሥርዓቱ ከአድልዎ ነጻ አልነበረም፤ በአመዛኙ ለወንዶች ብቻ የተከፈተ ከመሆኑም በላይ ረኀቡንና ስደቱን ያልቻለው ሳይፈተን ከመንገድ ይቀር ነበር።

ዘመናዊው ትምህርት የፈላጊው ቁጥር ከቦታው ስለበለጠ ማጣሪያውን ወደ በሩ አመጣው። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪና የ12ኛ ክፍል ማትሪክ ፈተናዎች በዚህ መንገድ የብዙ ወጣቶችን ዕጣ ሲወስኑ ኖረዋል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ማቅረብ የዘመድና የሹመትን ጣልቃ ገብነት ስለሚቀንስ በዚህ በኩል ፍትሐዊ ነው፤ የዝግጅቱን ልዩነት ግን አያስተካክልም። የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት የሐይቅን ከተማና አካባቢዋን ባዳረሰበት በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ያመለጣቸው የደቡብ ወሎ ተማሪዎች በጥር ወር በሁለተኛው ዙር ቢፈተኑም፣ የፈተናው ቀን መለወጡ ያመለጣቸውን ትምህርት አልመለሰላቸውም።

በ2015 ዓ.ም. ኩረጃን ለመከላከል ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ሲሰጥ፣ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድ ትምህርት ቤት ያስፈተናቸው ሁሉ ሲወድቁ ምክንያቱን በእያንዳንዱ ተማሪ ስንፍና ብቻ ማስረዳት ስለማይቻል፣ ውጤቱ ከተማሪው ባልተናነሰ የትምህርት ቤቱን መምህር፣ መጽሐፍና ቤተ ሙከራ ይመዝናል።

ከዚህ ውጤት በኋላ የተጀመረው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት፣ በተለምዶ ሪሚዲያል የሚባለው፣ የማለፊያውን ነጥብ ያላገኙ የተወሰኑ ተማሪዎችን ዩኒቨርሲቲ አስገብቶ ካስተማረ በኋላ ዳግም ስለሚፈትን፣ ማስተማርን ከማጣራት ያስቀደመውን የቀድሞውን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቅደም ተከተል በከፊል ይጋራል። ይሁን እንጂ ጥቂት ወራት የ12 ዓመት ጉድለት አይሞሉምና፣ የመግቢያ ፈተና ፍትሐዊ የሚሆነው በደቡብ ወሎ የአምባሰል ገጠር ተማሪም እንደ አዲስ አበባው በየክፍሉ መምህርና መጽሐፍ አግኝቶ ለፈተናው ሲቀርብ ነው።