ዕጣው ለማን ይወጣል? የወልቂጤ፣ የቡታጅራና የመርካቶ ነጋዴዎች ታሪክ

የመስቀል ሰሞን ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ መናኸሪያ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ከአዲስ አበባ የሚገባው መኪና ሁሉ ጢም ብሎ ሞልቷል። ዓመቱን ሙሉ ሱቁን ዘግቶ የማያውቅ ነጋዴ እንኳ በዚያ ሳምንት ቆልፎ አገሩ ይገባል። ክትፎው፣ ደመራው፣ የቤተሰቡ ናፍቆት ይስበዋል፤ ይህ እውነት ነው። ግን እኮ በዚህ ጉዞ ውስጥ አንድ የኢኮኖሚ ምስጢርም አለ። እስቲ አብረን እንፈልገው።

ታሪኩን ትንሽ ወደ ኋላ ሄደን እንጀምር። የጉራጌ አገር በ1880ዎቹ መጀመሪያ (ዓ.ም.) በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ በኋላ ገበሬው ግብር በገንዘብ መክፈል ነበረበት። እንሰት ቤተሰብን ይመግባል እንጂ ጥሬ ገንዘብ በቀላሉ አያስገኝም፤ መሬቱም ጠባብ ነው። ስለዚህ ወጣቶች አዲስ እየተቆረቆረች ወደነበረችው አዲስ አበባ ለሥራ መጉረፍ ጀመሩ። ቀን ሠራተኛ፣ ኩሊ፣ ሊስትሮ፣ ሱቅ በደረቴ ሆኑ።

በዚያን ጊዜ የከተማው ትልልቅ ሱቆች በአብዛኛው በአረቦች፣ በሕንዶች፣ በግሪኮችና በአርመኖች እጅ ነበሩ። በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ገበያው ከአራዳ ተነስቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ ባሉት አሥርተ ዓመታት ብዙ የጉራጌ ልጆች ከደረት ላይ ሱቅ ወደ መደብር ከፍ አሉ።

ታዲያ ገንዘቡ ከየት መጣ? ባንክ ገንዘብ የሚያበድረው መያዣ ላለው ነው። ሱቅ በደረቴ የሚዞር ልጅ ምን መያዣ አለው? ቤት የለው፣ መሬት የለው። ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚያውቁት ሰዎች። እነዚያ ሰዎች ሲሰባሰቡ እቁብ ይሆናሉ።

የእቁብን ብልሃት በቁጥር እንየው። 12 ባለሱቆች አሉ እንበል። እያንዳንዳቸው 60,000 ብር የሚያወጣ ማቀዝቀዣ መግዛት ይፈልጋሉ፤ በወር መቆጠብ የሚችሉት ግን 5,000 ብር ነው። ለየብቻ ቢያጠራቅሙ ሁሉም ማቀዝቀዣውን የሚገዙት በ12ኛው ወር ነው። እቁብ ቢገቡስ? በየወሩ 12 ጊዜ 5,000፣ ማለትም 60,000 ብር ይሰበሰባል። በመጀመሪያው ወር አንዱ ይገዛል፣ በሁለተኛው ሌላው፣ እያለ ይቀጥላል። አማካይ የመጠበቂያው ጊዜ ከ12 ወር ወደ 6 ወር ተኩል ይወርዳል። የመጨረሻው ዕጣ የደረሰው ሰው እንኳ ብቻውን ቢቆጥብ ከሚጠብቀው በላይ አልጠበቀም። ቲሞቲ ቤስሊ፣ ስቲቨን ኮትና ግሌን ሎሪ የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ይህንኑ ሐሳብ በሒሳብ ቀመር አሳይተዋል።

ዘዴው የኛ ብቻ አይደለም። በምዕራብ አፍሪካ ቶንቲን፣ በጋና ሱሱ፣ በቻይና ሁዊ ይሉታል። በጉራጌ ገጠርም ሴቶች ቅቤ በተራ እያዋጡ ለመስቀል ያጠራቅማሉ። የአንድ ቤት የሳምንት ቅቤ ትንሽ ነው፤ የአሥር ቤት ቅቤ አንድ ላይ ሲሆን ግን ቁም ነገር ይሠራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሳይመጣባችሁ አልቀረም። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ሰው 60,000 ብሩን ይዞ ቢጠፋስ? እቁብ ዳኛ፣ ጸሐፊና ዋስ ያለው ለዚህ ነው። ብር ከመውሰዱ በፊት ባለዕጣው ዋስ ይጠራል። ዋሱ ደግሞ የሚያውቀው ሰው ነው፤ ምናልባት የመንደሩ ልጅ፣ ምናልባት የሱቅ ጎረቤቱ። አሁን ወደ መናኸሪያው እንመለስ። ገንዘብ ክዶ የጠፋ ሰው መስከረም ላይ የት ይገባል? የዋሱ አባት ከአባቱ ጋር አንድ ደመራ ዙሪያ ይቆማል። ያ ዓመታዊ ጉዞ ሰውየውን ከፍርድ ቤት ይልቅ ይይዘዋል። ፈረንጆች ይህን ማኅበራዊ ካፒታል ይሉታል፤ በእኛ ቋንቋ «ሰው አለው» ማለት ይበቃል።

ትውውቅ ሱቅ ብቻ አልከፈተም፤ መንገድም ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ማኅበራት አቋቋሙ። አንዱ ከዓለም ገና ተነስቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ ለሚወስደው መንገድ ገንዘብ አሰባሰበ። ሌላው በወልቂጤ በኩል ያለውን የሰባት ቤት ጉራጌ አገር ከዋናው የጅማ መንገድ ጋር ለማገናኘት ተነሳ። ባለሱቁም፣ ባለሥልጣኑም፣ ገበሬውም እንደ አቅሙ አዋጣ። ኢትዮጵያዊው አንትሮፖሎጂስት ፈቃዱ ገዳሙ የዓለም ገና–ወላይታን ማኅበር አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1972 በለንደን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፉን አቅርቧል።

ይህ ማኅበር ከእቁብ የሚለይበት ነገር አለ። እቁብ በደንብ የሚተዋወቁ ሰዎችን ያስራል። የመንገዱ ማኅበር ግን ሶዶውንና መስቃኑን፣ ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ልዩነቱ ለምን ይጠቅማል? አሜሪካዊው የሶሺዮሎጂ ምሁር ማርክ ግራኖቬተር ሰዎች ሥራ ያገኙት በማን በኩል እንደሆነ ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ1973 ውጤቱን አሳተመ። በሚያውቁት ሰው አማካይነት ሥራ ካገኙት መካከል ያንን ሰው አዘውትረው የሚያገኙት ከ6ቱ 1 ያህሉ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ወሬውን የሰሙት አልፎ አልፎ ከሚያገኙት ሰው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የቅርብ ጓደኛችሁ የሚያውቀውን እናንተም ታውቁታላችሁ። አዲስ ወሬ የሚመጣው ከሩቅ ነው።

እንግዲህ ነጋዴ ሁለት ዓይነት ሰው ያስፈልገዋል፦ የሚያምነው የቅርብ ሰውና አዲስ ገበያ የሚያሳየው የሩቅ ሰው።

ግን አንድ ነገር እንዳንረሳ። ዝምድና በር ይከፍታል፤ በር ይዘጋልም። ዋስ የሌለው እቁብ ውስጥ አይገባም። ዛሬ ወልቂጤ መጥታ ትንሽ ምግብ ቤት ልትከፍት ያሰበች፣ ዘመድ የሌላት ልጅ ችግሯ ከብሩ ይልቅ ስሟን የሚጠራላት ሰው ማጣት ሊሆን ይችላል። የጥንቶቹ ነጋዴዎች ያገኙትን ዕድል እሷም እንድታገኝ ከተፈለገ አንድ ሰው መጀመሪያ ዋስ ሊሆናት ይገባል።

እስቲ በሰፈራችሁ ያለ አንድ ባለሱቅ ጠይቁ፦ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ያመነዎት ማን ነበር?» በሉት። ስለ ብር ጠይቃችሁት ስለ ሰው ካወራችሁ አትገረሙ።