ፋይሌን ስጡኝ

የምሥራቅ ጀርመን የደህንነት መሥሪያ ቤት፣ ሽታዚ፣ ሰው የሚመዘግበው በሁለት ዓይነት ካርድ ነበር። ኤፍ 16 የሚባለው ስም፣ የትውልድ ቀንና አንድ የመዝገብ ቁጥር ይይዛል። ኤፍ 22 በዚያው ቁጥር ተደርድሮ የጉዳዩን ዓይነትና የምስጢር ስሙን ይይዛል፤ እውነተኛ ስም የለበትም። የመጀመሪያውን ብቻ ያየ ሠራተኛ ሰውየው ሰላይ ይሁን ተሰላይ አይለይም። ሁለተኛውን ብቻ ያየ ደግሞ ጉዳዩ የማን እንደሆነ አያውቅም። ዳታቤዝ የነካ ሰው ወዲያው ይገባዋል፦ ሁለት ሠንጠረዥ፣ አንድ አገናኝ ቁልፍ፣ ለየብቻ የሚሰጥ ፈቃድ። እውነቱን ለመናገር ዲዛይኑ ያምራል። የሚያስጠላውም እሱ ነው።

በ1989 መጨረሻ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) መንግሥቱ ሲንገዳገድ ሽታዚዎች ፋይል ማጥፋት ጀመሩ። ማሽኑ አልችል ሲል በእጅ ቀደዱት፤ ወደ 16 ሺህ ጆንያ ቁርጥራጭ ተርፏል። ዲሴምበር 4 ቀን በኤርፉርት ከተማ ነዋሪዎች ቅርንጫፉን ገብተው ያዙ። ጃንዋሪ 15 ቀን 1990 ደግሞ ሕዝቡ የበርሊኑን ዋና መሥሪያ ቤት ጥሶ ገባ። ሳይጠፋ የተገኘው ወረቀት ቢደረደር 111 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ከዚያስ? «ይከፈት ከተባለ ሰው ይገዳደላል» ብለው የፈሩ ፖለቲከኞች ነበሩ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ፣ ሁለቱ ጀርመኖች ሊዋሐዱ ሳምንታት ሲቀራቸው፣ ቤርቤል ቦሊ ያለችበት ቡድን ሕንጻውን እንደገና ያዘ፣ የረሃብ አድማም መታ። ሕጉ በ1991 መጨረሻ ወጣ። ከጃንዋሪ 2 ቀን 1992 ጀምሮ ሰዎች ስለ ራሳቸው የተጻፈውን ቁጭ ብለው አነበቡ። ቬራ ቮለንበርገር «ዶናልድ» በሚል ስም ስለ እሷ ሲያቀብል የኖረው ባሏ መሆኑን ከፋይሏ አረጋገጠች። የተፈራው የበቀል ማዕበል ግን አልመጣም።

እኔን የሚገርመኝ ሕጉ አንድን ከባድ ጥያቄ የፈታበት መንገድ ነው። ጎረቤትህ ስለ አንተ ያወራው ወሬ የማን ዳታ ነው? ያንተም ነው፣ የእሱም ነው። ፋይልህ ውስጥ አክስትህ አለች፣ የድሮ ጓደኛህ አለ፣ የአንዱ ሕመም፣ የሌላው ፍቺ አለ። ሕጉ «ይህ መረጃ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ብቻ አልቆመም። «ይህ ሰው እዚህ ፋይል ውስጥ ምን ሲሠራ ነበር?» አለ። በአጋጣሚ የገባው ሦስተኛ ወገን ስሙ በጥቁር ይሸፈንለታል። ሰላዩ ግን አይሸፈንለትም፤ ማንነቱ በእርግጠኝነት ከታወቀ፣ የተሰለለው ሰው ሲጠይቅ እውነተኛ ስሙ ይነገረዋል።

ይህ ለእኛ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ሽታዚ የደርግን የደህንነት ሰዎች በማሠልጠን እጁ ነበረበት። የደርግ ወረቀቶችም በኋላ ልዩ ዐቃቤ ሕግ እጅ ገብተው ለክስ ማስረጃ ሆነዋል። ያ ወረቀት በዳኛ ፊት የሚነበብ ነው። በርሊን ላይ አንባቢው ተሰላዩ ራሱ ነበር።

በ2011 ማክስ ሽሬምስ የተባለ የቪየና የሕግ ተማሪ ፌስቡክን ዳታዬን ስጡኝ ቢል 1,222 ገጽ መጣለት፤ አጥፍቻቸዋለሁ ያላቸው መልእክቶች ጭምር። ከ2018 ወዲህ የአውሮፓው ሕግ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ በመደበኛው የአንድ ወር ጊዜ ይሰጣል። የእኛም አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር) ይህንኑ መብት አስገብቷል። የአውሮፓው ሕግ ግልባጩ የሌሎችን መብት እንዳይጎዳ ያዛል፤ ማን ይሸፈን፣ ማን ይገለጥ የሚለውን ግን እንደ ጉዳዩ መዝኑ ብሎ ይተወዋል። ምዘናው ደግሞ ዞሮ ዞሮ ኮድ የሚጽፈው ሰው ጠረጴዛ ላይ ያርፋል።

አንድ ምሳሌ። መተግበሪያ ላይ አንዲት ሴት «ይህ ሰው እያስቸገረኝ ነው» ብላ ሪፖርት ታደርጋለች። ሰውየው በማግስቱ ዳታዬን ስጡኝ ይላል። ሪፖርቱ ስለ እሱ ነው፣ ስለዚህ ዳታው ነው። ጠቋሚዋ የተመዘገበችበት አምድ በቅርጹ «ዶናልድ» ከተመዘገበበት አይለይም፦ ማን፣ ስለ ማን፣ መቼ፣ ምን አለ። የበርሊኑን ሕግ ቃል በቃል ብንገለብጥ ስሟን ማውጣት ነበረብን። ግን እሷ የመንግሥት ጆሮ አይደለችም፤ የምትፈራው እሱን ነው። እኔ የሪፖርቱን ጭብጥ እሰጠዋለሁ፣ ስሟን፣ ሰዓቱንና እሷነቷን የሚያሳብቀውን ሐረግ እሸፍናለሁ። ይህን ደግሞ ማሽን ብቻውን አይጨርሰውም። ሰው ቁጭ ብሎ መስመር በመስመር ያነበዋል።