ከውስጥ የሚታየው መስኮት

ከመስቀል አደባባይ ወደ ቤተ መንግሥት በሚያወጣው መንገድ ስናልፍ የአፍሪካ አዳራሽን የማናውቅ የለንም። ግን አይተነዋል ወይ? ነገሩ እዚህ ላይ ነው።

አዳራሹ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። ነዳፊው አርቱሮ ሜዜዲሚ የሚባል ኢጣሊያዊ ነው፤ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትም የእሱ ሥራ ነው። ግንባታው የፈጀው አሥራ ስምንት ወር ያህል ብቻ ነው። በከተማችን አንድ ፎቅ ስንት ዓመት በአጠና ተደግፎ እንደሚቆም ለሚያውቅ ሰው ይኸ ቀላል ነገር አይደለም! ደጁ ላይ ጌጥ አላበዛም፤ የሚታየው ቀጥ ያለ መስመርና ጥላ ነው። እኛም የምንወድለት ይኽንኑ ቁጥብነቱን ነው።

ጌጡንማ ያኖረው ከውስጥ ነው። የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስተዋት ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ነው፤ ሦስት ክፍል ሆኖ ያለፈውን የአፍሪካን መከራ፣ ትግሏንና ተስፋዋን ያሳያል። የእንዲህ ያለ መስተዋት ጠባይ ደግሞ ይታወቃል፦ ቀን ከውጭ ሲያዩት ደብዛዛ፣ ከውስጥ ሲያዩት እሳት። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ሲፈረም የ32 አገሮች መሪዎችና መልክተኞች የተሰበሰቡት በዚሁ አዳራሽ ነበር። እነሱ እሳቱን አዩት። ሲሚንቶ ያቦካው፣ ድንጋይ የተሸከመው የቀን ሠራተኛስ? ከምረቃው በኋላ በዚያ በር ማን አስገባው?

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አዳራሹ ታድሶ እንደገና ተመርቋል፤ መስተዋቱም አብሮ ታድሷል። እሰየው ነው። እኛ ግን እስካሁን የምናደንቀው ከአጥሩ ወዲህ ቆመን፣ ደብዛዛውን ፊቱን እያየን ነው።