ኢንተርኔት ቤታችንን ማንኳኳት ያቆመው መቼ ነው?

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ጽሑፍ የምታነቡት ከእኔ ቤት አይደለም። የጻፍኩት በራሴ ስልክ ቢሆንም፣ የተቀመጠው እኔም እናንተም አይተነው በማናውቀው ቦታ፣ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ባለቤቱ ነገ «ይህ ቻናል ይዘጋ» ካለ ይዘጋል። ይህን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ለምደነዋል። ኢንተርኔት ሲጀመር ግን ነገሩ እንዲህ አልነበረም።

የመጀመሪያው የድረ ገጽ ሰርቨር ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም፣ ቲም በርነርስ ሊ ይሠራበት የነበረ ኮምፒውተር ነው። በ1990 መጨረሻ ሥራ ጀመረ። ሰው በስህተት እንዳያጠፋው፣ ሰርቨር መሆኑን የሚያስጠነቅቅ ወረቀት በቀይ ቀለም ተጽፎ ተለጥፎበት ነበር። ከዚህ ወረቀት የምንረዳው ትልቅ ነገር አለ፤ ሰርቨር የሚባለው ማሽን ሰው የሚጽፍበትና የሚያነብበት ተራ ኮምፒውተር ነበር። ሰርቨር ያደረጉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የሚያስተናግድ ፕሮግራምና ከውጭ የሚጠራበት አድራሻ። ፕሮግራሙ ዛሬም በነጻ ይገኛል። ያጣነው አድራሻውን ነው።

እንዴት አጣነው? አርፓኔት ጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ወደ አዲሱ የአይፒ ሥርዓት ሲዛወር፣ የአድራሻው ርዝመት 32 ቢት ነበር። ሲሰላ 4.3 ቢሊዮን ገደማ አድራሻ ይሆናል። ከሥርዓቱ ፈጣሪዎች አንዱ ቪንት ሰርፍ ይህ መጠን ለሙከራ ይበቃል ተብሎ የተመረጠ እንደነበር በተደጋጋሚ ተናግረዋል። ሙከራው ግን ሳይጠናቀቅ ዓለም ሁሉ ገባበት። መጀመሪያ ማዕድ የቀረቡት ደግሞ በጭልፋ ሳይሆን በድስት ነው የወሰዱት። ኤምአይቲ የተባለው አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን ከ16 ሚሊዮን በላይ አድራሻ ይዞ ነበር፤ አፕል ኩባንያም እንዲሁ። ለአፍሪካ አድራሻ የሚያከፋፍለው አፍሪኒክ እውቅና ያገኘው በ2005 ነው። ኤምአይቲ በ2017 ከድርሻው ግማሽ ያህሉን ለገበያ ሲያቀርብ ከገዢዎቹ አንዱ አማዞን ነበር። በነጻ የታደለው ነገር ዞሮ ሸቀጥ ሆነ ማለት ነው።

እጥረቱ ገና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ታይቶ ነበር። ሜይ 1994 ላይ ሁለት መሐንዲሶች አንድ ዘዴ አቀረቡ። የእንግሊዝኛ ምሕጻሩ በፊደላችን ሲጻፍ «ናት» ስለሚሆንና ዓረፍተ ነገር ስለሚያበላሽ፣ «የአድራሻ ቅየራ» ልበለው። ራሳቸው አቅራቢዎቹ ለአጭር ጊዜ የሚያገለግል ብለውታል።

አሠራሩን በግቢ ላስረዳ። ብዙ ቤት ያለው አንድ ግቢ አለ፤ የውጭ ቁጥሩ ግን አንድ ብቻ ነው። በሩ ላይ ዘበኛ አለ፤ ዘበኛው ራውተራችሁ ነው። ከውስጥ አንድ ሰው መልእክት ሲልክ ዘበኛው ማን እንደላከው መዝገቡ ላይ ይጽፋል፤ መልሱ ሲመጣ መዝገቡን አይቶ ለባለቤቱ ያደርሳል። ሳይጠራ የመጣ እንግዳ ሲያንኳኳ ግን መዝገቡ ላይ የለምና ይመልሰዋል። በ192.168 የሚጀምሩት የውስጥ ቁጥሮች በየቤቱ ተደጋጋሚ ስለሆኑ ለውጭ ሰው ምንም አይጠቅሙም። ማንበብና ማየት እንደ ድሮው ስለቀጠለ አብዛኛው ሰው ለውጡን ልብ አላለውም። የተዘጋው መታየት ነው።

ያም ሆኖ መላ ነበረው። ለዘበኛው «80 ቁጥር በር ላይ የሚመጣ ሰው ካለ፣ ወደ እኔ ክፍል አስገባው» ብሎ ማዘዝ ይቻላል፤ ፖርት ፎርዋርዲንግ የሚሉት ይህንን ነው። የውጭ አድራሻው ቢቀያየርም ስሙን እየተከተለ የሚያድስ አገልግሎት አለ። ከዚያ ጁላይ 2001 መጣ። ኮድ ሬድ የተባለ ትል በአንድ ቀን ውስጥ ከ350 ሺህ በላይ የማይክሮሶፍት ሰርቨሮችን ወረረ። በርካታ የአሜሪካ ኢንተርኔት አቅራቢዎችም የመኖሪያ ቤት ደንበኞቻቸውን 80 ቁጥር በር ዘጉ። ለጊዜው ትክክል ነበሩ። ትሉ አለፈ፣ በሩ ግን ብዙ ቦታ እንደተዘጋ ቀረ። ቤት ሆኖ ሰርቨር ማቆም የሚከለክል አንቀጽ ውል ውስጥ የሚያስገቡም ብዙ ናቸው፤ ለዚህስ ትሉ ምክንያት አይሆንም።

ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2011 የመጨረሻዎቹ አምስት ትልልቅ የአድራሻ ጥቅሎች ለአምስቱ የዓለም ክፍል አከፋፋዮች ተሰጡና ማዕከላዊው ካዝና ባዶ ሆነ። አቅራቢዎች ይበልጥ የዞሩት ወደ ሁለተኛ ዘበኛ ነው፤ እሱም እናንተ የማታዙት፣ በቴሌኮሙ ግቢ በር ላይ የቆመ፣ ብዙ ደንበኞችን በአንድ አድራሻ የሚያስተዳድር ነው። እኛ አገር ደብዳቤ ቤት ድረስ አይመጣም፣ ፖስታ ሳጥን ነው ያለን፤ ይህኛው ደግሞ አንድ ሳጥን ለመላው ሰፈር እንደማለት ነው። የሞባይል ዳታ በዓለም ዙሪያ በአብዛኛው የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ አብዛኛው ሰው ኢንተርኔት የሚያገኘው በሞባይል ነው። ስለዚህ የራስ በር ምን እንደሚመስል ሳናይ ነው ተከራይ የሆንነው።

ተከራይነት ምን ያመጣል ለሚል፣ ጂኦሲቲስን ያስታውስ። ሚሊዮኖች ገጻቸውን በነጻ ያኖሩበት መንደር ነበር። ያሁ በ1999 ገዛው፣ በ2009 ዘጋው። ሌሎች ፈጥነው የገለበጡት ተረፈ፤ የቀረው ጠፋ።

መውጫ የለም ማለት አይደለም። በሩ ከውጭ ባይከፈትም ከውስጥ መውጣት ስለሚቻል፣ የቤቱ ኮምፒውተር ውጭ ወዳለ ትንሽ የኪራይ ሰርቨር ዋሻ ቆፍሮ በዚያ በኩል እንግዳ ሊቀበል ይችላል። ዋየርጋርድ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይህን ማድረግ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ጽሑፋችሁና ፎቷችሁ ቤታችሁ ይቀመጣል፤ የምትከራዩት በሩን ብቻ ነው። ባለበሩ ካስቸገረ ሌላ መከራየት ይቻላል። እውነተኛው መፍትሔ ግን 128 ቢት አድራሻ ያለው አይፒ ቨርዥን 6 ነው። ጁን 6 ቀን 2012 በይፋ ተጀምሯል፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ የራሱ አድራሻ ይበቃል። ሁሉንም በር ወለል አድርጎ መክፈት ግን አይመከርም፤ በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮል ፋብሪካ የሰጣቸውን የይለፍ ቃል ያልቀየሩ የቤት ካሜራዎችን ሠራዊት አድርጎ አዝምቷቸዋል።

የእናንተን ለማወቅ ቀላል ነው። ራውተራችሁ ገጽ ላይ የውጭ አድራሻ ተብሎ የተጻፈውን ቁጥር ተመልከቱ። በ10 ከጀመረ፣ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ፣ ሁለተኛው ዘበኛ በር ላይ አለ። ያኔ አቅራቢያችሁን የምትጠይቁት ጥያቄ ሁለት ነው፦ የራሴ የውጭ አድራሻ ስንት ነው ዋጋው? አይፒ ቨርዥን 6ስ መቼ ነው ቤቴ የሚደርሰው?